አባቴ «የኔስ የት ደረሰ?» አለኝ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

አምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት። ጻፍ ያለችኝም እሷው ናት፤ «ለኔ የነገርከኝ ይበቃኛል» ብላ።

36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው። ጫት አልቅምም፣ ኳስም አላይም። የኔ ሱስ የእጅ ሰዓት ነው። መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አሁን 23 ደርሰዋል። ከጂዳ ዘመድ በላከልን የቴምር ካርቶን ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልለው ያድራሉ። 14ቱ ኮፒ ናቸው። ስገዛቸውም አውቄ ነው። ዘጠኙ አሮጌዎች ናቸው፣ ግን እውነተኛ። አብዛኞቹን ባቲ ሰኞ ገበያ፣ አንዳንዱን ደሴ አራዳ ነው ያገኘኋቸው።

ሰው «ኮፒ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። እኔን ደስ የሚለኝ ማወዳደሩ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ የሰዓት ሰሪ ማጉያ ዓይኔ ላይ ሰክቼ ኮፒውን ሮሌክስ ከትክክለኛው ፎቶ ጋር አስተያያለሁ። በትክክለኛው ላይ ቀኗን የምትሸፍነው ጉብ ያለች መስታወት ቁጥሩን ሁለት እጥፍ ተኩል ታጎላዋለች። የኔው ላይ ለጌጥ ነው ያለችው። ጀርባው ደግሞ ማሽኑ እንዲታይ ተብሎ በመስታወት ተከድኗል፤ ትክክለኛው ሰብማሪነር (ኮፒው የሚያስመስለው የሮሌክስ ዓይነት) ግን ጀርባው ድፍን ብረት ነው። አንድ ስህተት ባገኘሁ ቁጥር የተበጠሰ ሽቦ እንዳገኘሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ጣጣው የመጣው ግን ከአባቴ ሰዓት ነው።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያት ነበር የሚነዳው። ሰዓቱን፣ ሲኮ ፋይቭ፣ በ1981 አሰብ ላይ ገዛው። ያለ እሱ እጁን አይቼው አላውቅም። ሱብሂ ከሰገደ በኋላ እጁን አራት አምስት ጊዜ ይወዘውዛል፤ ይሄኛው ሲኮ ቁልፉን በማዞር አይሞላም፣ በውዝዋዜ ነው የሚነሳው። ፊቱ ነጭ የነበረ ሲሆን ወደ ቡኒ ሄዷል። መስታወቱ ላይ ከ3 እስከ 5 የሚደርስ ጭረት አለ። ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ነው የመታው። ሰዓቱ ባለፈው ዓመት ቆመ።

ለአረፋ ላስደስተው ብዬ ሰዓት ሰሪ ጋ ወሰድኩት። አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ አስነሳው። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! «ፊቱንስ አናድሰውም?» አለኝ። እኔም «እስቲ» አልኩ። የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ፊት ገባለት። ጠቋሚዎቹ ተቀየሩ። መስታወቱ አዲስ ሆነ። ብረቱ ተወልውሎ ተወልውሎ ጠርዝ የሚባል አልቀረውም።

አባቴ ወዳለበት ሐይቅ ከተማ ይዤለት ሄድኩ። አሰረው። አገላብጦ አየው። «ጥሩ ሰዓት ነው፣ አላህ ይስጥህ» አለኝ። ቶናው ሲቀዳ ግን ቀስ ብሎ «የኔስ የት ደረሰ?» አለኝ።

ያንተው ነው ብለው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ሰዓቱ ይኸው ሬዲዮው ላይ ተቀምጧል። አያስረውም። እናቴ እንደምትለኝ ድሮ የዕለቱ ስም በዓረብኛ ነበር የሚወጣው፣ አሁን በእንግሊዝኛ ሆኗል። «ጁምዓውም በሰዓቱ አይገባ» ይላል አሉ። ይህቺኛዋ አልገባችኝም።

ባለቤቴ ምን አለች መሰለዎት? «የሰው ኮፒ ስትለቅም ኖረህ የአባትህን ኦሪጂናል ኮፒ አደረግከው።» ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ልክ ብላለቻ።

ሌላም አለብኝ። የአክስቴ ልጅ ከጂዳ ተመልሷል። ለሠርጉ «ያንን ሮሌክስህን ሽጥልኝ» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። የጠራው ዋጋ የኮፒ ዋጋ አይደለም። ከባቲ ያመጣሁት አንድ አሮጌ የስዊዝ ሰዓትም አለ። ማታ የሚያበራው ቀለም ሞቷል። ፍቄ አዲስ ልቀባው ነበር፤ አሁን እጄን ፈራሁት።

ይጠቅም እንደሆነ፣ ከአባቴ ሰዓት ጀርባ 7009 የሚል አለ። ከእሱ ሌላ በ83 የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር አለ።

ሰዓት ለቃሚው፣ ከኮምቦልቻ

*

አብሽር ወንድሜ። ባለቤትህን አናግራት፣ ከዚያ ነገ ሳትል ሰዓት ሰሪው ጋ ሂድ።

ሰዓት ሰሪ ዕቃ አይጥልም። ጠረጴዛው ሥር የወተት ቆርቆሮ ይኖረዋል፤ ውስጡ የጠቋሚ፣ የብሎን፣ የአሮጌ ፊት መዓት ነው። የአባትህን ፊት እዚያ ውስጥ ነው የምትፈልገው። እንዴት ታውቀዋለህ? ከ6 ቁጥር ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ ያለ ማጉያ የማትነበብ ደቃቅ ጽሑፍ አለች። በላቲን ፊደል ጃፓን ይልና የማሽኑ ዓይነት ቁጥር፣ 7009፣ ይከተላል። ፊቱን ገልብጠው። ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ማሽኑ ላይ የሚሰኩት እነሱ ናቸው። እግሮቹ ካልተቆረጡ ዕድለኛ ነህ፣ በግማሽ ሰዓት ሥራ ይመለሳል። ተቆርጠውም ከሆነ ይጣበቃል። ጠቋሚዎቹንም ለቃቅመህ ውሰድ። መስታወቱንም፣ ከነጭረቱ።

አዎ፣ ከነጭረቱ። አባትህ ሰዓት ሲያይ የኖረው በዚያ ጭረት በኩል ነው።

ፊቱን ስታገኘው «ትንሽ ላጽዳልህ» ቢልህ እጁን ያዘው። አሮጌ ፊት ላይ ጨርቅ ካሳረፍክ ጽሑፉ ከቆሻሻው ጋር ይነሳል። ብረቱን በተመለከተ ግን አላታልልህም፤ የተወለወለ ጠርዝ አይመለስም። ተፍቆ ሄዷል።

የገባለትን ሰማያዊ ፊት ደግሞ ማታ ማጉያህን ሰክተህ እየው። ሙምባይ ውስጥ አሮጌ ሲኮ ፋይቭ ሰብስቦ፣ ፊቱን እንደገና ቀብቶ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ማሽኑ የሲኮ ነው፣ ቀለሙ የትናንት። ሰብሳቢዎች ከሩቅ ያውቋቸዋል፤ ቀለማቸው ይጮሃል፣ ፊደላቸው ይወፍራል፣ ያቺ ከ6 ሥር ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ወይ የለችም ወይ ፈሳለች። ያንተው ፊት ከየት እንደመጣ እኔ አላየሁም። አንተ ግን በአሥራ አራት ኮፒ ላይ ዓይንህን አሠልጥነህ በአባትህ ሰዓት ላይ ጨፍነሃል። ስምህን «ለቃሚው» ብለህ ባትፈርም ይህን አልልህም ነበር።

ቁጥሩን መላክህ ጥሩ ነው። በእነዚያ ዘመናት ሲኮዎች ላይ የመጀመሪያው አኃዝ የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው። 83 ማለት በ8 የሚያልቅ ዓመት፣ ማርች። 1978 ይሁን 1988 ቁጥሩ አይነግርህም፤ በየአሥር ዓመቱ ይደገማል። ይሄን የሚፈታልህ አባትህ ነው። በ1981 ገዛሁት ካለ የ1988ቱ ነው የሚያስኬደው። ማርች 1988 በኛ የካቲትና መጋቢት 1980 ነው። ጃፓን ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓመት ገደማ ሲሞላው አሰብ ላይ አባትህ እጅ ገባ። ከዚያ ሚሌን፣ ባቲን እያለ ኮምቦልቻ ሲወጣ ሲወርድ ኖረ። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ ጭነት ሲቆምም እጁ ላይ ነበር።

ከማን ሱቅ ገዛው? ስንት ከፈለ? ረዳቱ ምን አለ? ይህ በየትኛውም ክዳን ላይ አልተጻፈም። ደብተር ግዛና ጻፈው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ የተባለ የስዊዝ ሰዓት በፈረንጆቹ 2017 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ አውጥቷል። ወርቅ ነው፣ ብርቅም ነው። ግን ገዢው ያን ሁሉ ሲከፍል የማን እጅ ላይ እንደነበርም ገዝቷል። ያንተው ሲኮ ጄኔቫ አይሄድም። ቢሆንም ታሪኩ ከተጻፈ ከቴምር ካርቶኑ ሙሉ ሀብት እሱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው።

ኮፒዎቹን ጣል አልልህም። ማወዳደር ዓይን ያሠለጥናል። የባትሪው ሴኮንድ ቆጣሪ በየሴኮንዱ አንዴ ይዘላል። የአባትህ ሲኮ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ይመታል፣ የዛሬው ሰብማሪነር ስምንት። ልዩነቱን በዓይንህ ለይተህ ካወቅክ ባቲ ላይ በባትሪ ሰዓት ማንም አይሸውድህም። ግን ለእያንዳንዱ ኮፒ በጥጡ ውስጥ «ኮፒ» የምትል ብጣሽ ወረቀት አድርግለት። አንተ ባትኖር ልጆችህ ሮሌክስ ወረስን ብለው እንዳይጣሉ።

ለአክስትህ ልጅ ዛሬውኑ ደውል። «ኮፒ ነው» በለው፣ አበቃ። እየሳቀ «ይሁን፣ ሽጥልኝ» ቢልህም አትሽጥ። የንግድ ምልክት አስመስሎ መሸጥን የሚከለክል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 501/1998። አዋጁ ባይኖርስ? ዘመድህ እኮ ነው። በሠርጉ ቀን አንድ ሰዓት የሚያውቅ እንግዳ እጁን ጨብጦ ጎንበስ ቢልስ? ከዘጠኙ እውነተኞች መልከ መልካሙን አውሰው። በሰርግ ማግስት ታመጣለህ በለው።

ያንን የስዊዝ ሰዓት ደግሞ አትፋቅ! ይሄ የቁጣ ነው። እስከ 1960ዎቹ (በፈረንጆች) ብዙ ሰዓት ላይ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበረበት። ማብራቱን ያቆመው ከራዲየሙ ጋር የተቀላቀለው ቀለም ስለደከመ ነው፤ ራዲየሙ ራሱ ግማሹ ለማለቅ እንኳ 1600 ዓመት ይፈልጋል። እጅ ላይ በማሰሩ አትደንግጥ። የሚያስፈራው ብናኙ ነው። ፍቀህ ወደ ሳንባህ ካስገባኸው፣ ልጆችም በተኙበት ክፍል፣ አይወጣም። ክዳኑን አትክፈት፣ ጠረጴዛህ ላይም አትበታትነው። ከ6 ሥር «ስዊስ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ የላቲን «ቲ» ካየህ ትሪቲየም ነው፣ ከራዲየም በኋላ የመጣው፣ የቀለለው። እሱንም አትፋቅ።

አሁን ወደ ጁምዓ ልመለስ። ደብዳቤህን ሳነብ ያስቆመኝ እሷ ነገር ናት።

ሲኮ ፋይቭ ቀን የሚቀይረው በ24 ሰዓት አንዴ፣ ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። ጠዋት ይሁን ማታ አያውቅም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሞላኸው እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራል። የኛ አባቶች ግን ብዙዎቹ በኛው ሰዓት ነው የሚሞሉት። በኛ 12 አንዴ ሲነጋ፣ አንዴ ሲመሽ ይመጣል። ሰዓቱ ከሁለቱ በአንዱ ቀን ይቀይራል፤ የትኛው እንደሆነ የሞላው ሰው ነው የሚመርጠው።

አባትህ የማታውን የመረጠ ይመስለኛል። እናትህን ጠይቃት። በእስልምና ቀኑ የሚገባው ከመግሪብ ነው፤ ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ጁምዓ ገባ ማለት ነው። በኛ አገር መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ብዙ አይርቅም። እንግዲህ አባትህ ሐሙስ ማታ እጁን ሲያይ ጁምዓ በዓረብኛ ቀስ እያለች መስኮቷ ላይ ትወጣ ነበር። ሰዓት ሰሪው በፈረንጅ ሞላው። አሁን ጁምዓ የምትመጣው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ በእንግሊዝኛ ነው።

ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። የዕለቱ ስም የተጻፈበት ሳህን ሁለቱንም ቋንቋ ይዟል፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ዓረብኛ እያለ ይዞራል። ጠቋሚዎቹን መጀመሪያ 6 ላይ አውርዳቸው፣ ቀን በሚቀየርበት ሰዓት ከነካካኸው ጥርስ ይሰበራል። ቁልፉን አንድ ደረጃ ሳብ። ወደ አንዱ ጎን ቁጥሩ፣ ወደ ሌላው ጎን የዕለቱ ስም ይሄዳል። ዓረብኛው ላይ፣ በትናንቱ ቀን ስም (መግሪብ ካለፈ በዛሬው) አቁመው። ከዚያ ቁልፉን ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ሳብና ቀኑ እስኪቀየር ወደፊት አዙር። ቀን የተቀየረበት 12፣ እሱ የመግሪቡ 12 ነው። ከእሱ ተነስተህ ሙላው፤ ስትሞላው ገና መግሪብ ካልደረሰ 12ን አንዴ አልፈህ አዙረህ የጠዋቱን ያዝ።

ፊቱና መስታወቱ ከተመለሱ በኋላ ሐሙስ ከሰዓት ሐይቅ ሂድ። አደስኩልህ፣ መለስኩልህ አትበል። ወዝወዝ አድርገህ ሬዲዮው ላይ አስቀምጠውና ቡናውን ጠጣ። መስታወቱ ቆርቆሮው ውስጥ ከተገኘ ለኔም ጻፍልኝ።