መቶ ሺህ ወንበር ማን ቆጠረው? ስለ አዳዲስ ስታዲየሞች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ማንቸስተር ዩናይትድ 100,000 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ለመገንባት ማቀዱን ካሳወቀ ወዲህ፣ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱ ብዙ ደብዳቤዎች ከጎልና ከዝውውር ወጥተው ስለ ጣራ፣ ስለ ደረጃና ስለ ወንበር ብዛት የሚጠይቁ ሆነዋል። ደስ ብሎኛል። ስታዲየም የደጋፊ ቤት ነው፤ ስለ ቤቱ የማይጠይቅ ባለቤት ደግሞ የለም። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑትን እነሆ። «ዓ.ም.» ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። አዲሱ ስታዲየማችን የአውሮፓ ትልቁ ይሆናል ብዬ ከአርሰናል ደጋፊ ጓደኛዬ ጋር ተከራክሬአለሁ። እሱ ግን ‹ቁጥሩ ለወሬ ነው› ይለኛል። ለመሆኑ አንድ ስታዲየም ስንት ሰው ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው?» ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ

ክርክሩን ልክፈለው። ዕቅዱ በመጋቢት 2025 ይፋ ሲሆን የኖርማን ፎስተር የሥነ ሕንፃ ድርጅት ንድፍ ቀርቦ ነበር፤ ሦስት ረጃጅም ምሰሶዎች እንደ ድንኳን ያለ ጣራ ይወጥራሉ፣ ወጪውም 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተብሏል። ይህ ከተሳካ 90,000 ከሚይዘው ዌምብሌይ በልጦ የእንግሊዝ ትልቁ ይሆናል። የአውሮፓ ትልቁ ለመሆን ግን የባርሴሎና ካምፕ ኑ ይቀድመዋል፤ የእሱ እድሳት ሲጠናቀቅ 105,000 እንዲይዝ ነው የታቀደው።

ቁጥሩ ለወሬ ነው የሚለውን የጓደኛዎን አባባል ግን አልቀበልም። በእንግሊዝ ስታዲየም ከአካባቢው አስተዳደር የደኅንነት ፈቃድ ካላገኘ በሩን መክፈት አይችልም። ፈቃዱ የሚሰጠውም ወንበር ተቆጥሮ ብቻ አይደለም። ስንት ሰው ይቀመጣል? በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ይገባል? ጨዋታው ሲያልቅ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው ይወጣል? እሳት ቢነሳ ወይም ሌላ አደጋ ቢደርስስ ስንት ሰው ማምለጥ ይችላል? አራቱም ለየብቻ ይሰላሉ፤ የስታዲየሙ አቅም ተብሎ የሚጻፈው ከአራቱ መካከል ትንሹ ቁጥር ነው። ደረጃው ጠባብ ከሆነ ከላይ የተደረደረው ወንበር ምንም ያህል ቢበዛ ባዶውን ይቀመጣል።

አንድ ምሳሌ አብረን እናስላ። በእንግሊዝ መመሪያ አንዲት የመግቢያ በር በሰዓት ከ660 ሰው በላይ ታሳልፋለች ተብሎ አይሰላም። 100,000 ሰው በአንድ ሰዓት ለማስገባት ታዲያ ከ150 በላይ በሮች ያስፈልጋሉ። ከበሩ ውጭ ደግሞ ባቡሩ፣ አውቶቡሱና መንገዱ አሉ። ስለዚህ የዩናይትድን ሜዳ የአዲሱን ኦልድ ትራፎርድ ሥዕል ስታዩ ዓይናችሁን ከምሰሶዎቹ አንስታችሁ ወደ ባቡር ጣቢያው ብትመልሱት እመክራለሁ። ፈተናው እዚያ ነው። ቶተንሃም አዲሱን ስታዲየሙን በ2018 መጸው ሊከፍት አስቦ ነበር፤ የደኅንነት መሣሪያዎቹ በፍተሻ ጉድለት ስለተገኘባቸው ግን በዌምብሌይ ቆይቶ 62,850 የሚይዘውን ሜዳውን የከፈተው ሚያዝያ 3 ቀን 2019 ነው። ደጋፊው ተቆጥቶ ነበር። እኔ ግን ያ መዘግየት ትክክል ነበር እላለሁ።

«ባርሴሎና ወደ ካምፕ ኑ የተመለሰው ግንባታው ሳያልቅ ነው። ይህስ አደጋ የለውም?» ከድሬዳዋ

የለውም፤ ፈቃዱ በደረጃ በደረጃ ስለሚሰጥ። ክለቡ ከ2023 ጀምሮ በሞንጁይክ ኮረብታ በሚገኘው የኦሎምፒክ ስታዲየም ሲጫወት ቆይቶ በኅዳር 2025 ወደ ቤቱ ሲመለስ የገባው 45,000 ያህል ተመልካች ብቻ ነው። የላይኛው ክፍል ገና በግንባታ ላይ ነበር። አትሌቲክ ቢልባኦን 4 ለ 0 አሸንፎ ቤቱን አሟቀ።

«እኛ ኢትዮጵያውያን መም ያለበትን ስታዲየም ለምደናል። የአውሮፓ ደጋፊዎች የመሮጫ መም ሲያዩ ለምን ይበሳጫሉ? ሁለቱ ስፖርቶች በአንድ ሜዳ ቢጠቀሙ ምን ይጎዳል?» ከሐዋሳ

ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። የለንደኑን ስታዲየም ያስቡ። በ2012 ኦሎምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ 10,000 ሜትሩን፣ መሠረት ደፋር 5,000 ሜትሩን ያሸነፉት በዚያ መም ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በዓለም ሻምፒዮናው አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር ሁሉንም ጥላ የሄደችው፣ ሙክታር እድሪስም ሞ ፋራህን በገዛ ከተማው በ5,000 ሜትር የቀደመው እዚያው ነው። ለእኛ ያ ቦታ የወርቅ ቦታ ነው።

ለዌስትሃም ደጋፊ ግን ሌላ ነው። ክለቡ በ2016 ከአፕተን ፓርክ ለቆ ወደዚያ ሲገባ የሚይዘው ተመልካች ከ35,000 ገደማ ወደ 60,000 አድጓል፤ ቁጥሩ ሲታይ ትልቅ ድል ነው። በአፕተን ፓርክ ግን ደጋፊው የመስመር ተጫዋቹን ትንፋሽ ይሰማ ነበር ማለት ይቻላል። በአዲሱ ስታዲየም ከጎሉ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ከመረቡ በእጅጉ ይርቃል፤ ዝማሬውም ሜዳው ሳይደርስ ይበተናል። መሙ ሳሩን ሲከብብ መቀመጫዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ተዳፋታቸውም ገር ይሆናል። ከሩቅና ከዝቅተኛ ቦታ የሚያይ ሰው የሜዳውን ሌላኛ ጫፍ በግምት ነው የሚከታተለው።

ጁቬንቱስ ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ለ1990ው የዓለም ዋንጫ የተሠራው ዴሌ አልፒ ከ60,000 በላይ የሚይዝ፣ መም ያለው፣ ብዙ ጊዜ ግን ግማሹ ባዶ የሚሆን ስታዲየም ነበር። ክለቡ አፈረሰውና በቦታው በ2011 የከፈተው ስታዲየም 41,000 ያህል ብቻ የሚይዝ ነው። አሳንሶ ሠራ ማለት ነው! ደጋፊው ግን ለሳሩ ቀረበ፤ ቀጥሎ የመጡት ዘጠኝ የሊግ ዋንጫዎችም በተከታታይ ወደ ክለቡ ገቡ። ዋንጫውን ያመጣው ሕንፃው ነው አልልም። ባዶ ወንበር ግን ለማንም አይዘምርም።

ሁለቱን ስፖርት አብሮ ማኖር አይቻልም ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። እንደ እኛ ባለ፣ አትሌቲክስ የአገር ኩራት በሆነበት አገር፣ መም ያለው አንድ ብሔራዊ ስታዲየም ግድ ነው። ለየክለቡ የሚሠራው ሜዳ ግን የግድ መም ይኑረው የሚለው ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል።

«የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ከሃይበሪ ባንለቅ ኖሮ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያለ ዋንጫ እንቀር ነበር?» ከጎንደር

የብዙ አርሰናላውያን ቁስል ነውና በጥንቃቄ ልንካው። ሃይበሪ በመጨረሻው ዘመኑ 38,000 ተመልካች ብቻ ይይዝ ነበር፤ ወንበር ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ግን ብዙ ነበር። ዙሪያውን በመኖሪያ ቤቶች የተከበበ በመሆኑ መስፋፋት አልቻለም። ክለቡ በ390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ኤሚሬትስን ሠርቶ በ2006 ክረምት ገባ፤ የሚይዘው ተመልካችም ከ60,000 አለፈ።

ዕዳው ግን ነበር። ከ2005ቱ የኤፍ ኤ ዋንጫ እስከ 2014ቱ የኤፍ ኤ ዋንጫ ድረስ አንድም ዋንጫ አልገባም። በዚያ መካከል ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ቫን ፐርሲ ደግሞ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄዱ። አሠልጣኙ አርሴን ቬንገር በየዓመቱ ቡድኑን ለቻምፒየንስ ሊግ እያበቁ ዕዳው እንዲከፈል ማድረጋቸውን ያኔ ያመሰገናቸው ጥቂት ሰው ነው። በእኔ አስተያየት ያ ሥራ ከአንዳንድ ዋንጫ አያንስም። ሃይበሪ ቢቆዩስ? በየጨዋታው ሃያ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ያነሰ ገቢ ይዘው ነዳጅ ካላቸው ባለሀብቶች ጋር ይፎካከሩ ነበር። ያ የተሻለ መንገድ ነበር ብሎ ማመን ይቸግረኛል።

አንድ ነገር ግን አብሬዎት አዝናለሁ። በግንቦት 2006 በሃይበሪ የመጨረሻ ጨዋታ ቲየሪ ሄንሪ ሦስት ጎል አግብቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳሩን ሳመው። ዛሬ ያ ሜዳ የመኖሪያ አፓርታማዎች ግቢ ነው።

«ኤቨርተን ስታዲየሙን በባሕር ላይ ሠራ የሚባለው እውነት ነው?» ከአዳማ

በከፊል። ቦታው የመርከብ መቆሚያ የነበረ የቆየ ወደብ ነው፤ ውኃው ወጥቶ ከባሕር በተቀዳ አሸዋ ተሞላ፤ በላዩ 52,000 የሚያልፍ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ቆመ። ከ1892 ጀምሮ የተጫወቱበትን ጉዲሰን ፓርክን በግንቦት 2025 ተሰናብተው በነሐሴ ብራይተንን በአዲሱ ሜዳ 2 ለ 0 በማሸነፍ ጀመሩ። ጉዲሰንም አልፈረሰም፤ የክለቡ የሴቶች ቡድን ወርሶታል። የቀድሞ ቤት እንዲህ ሕይወት ሲቀጥልበት ማየት እንዴት ደስ ይላል!

«የምኖረው ጀርመን ነው። ልጄን ዶርትሙንድ ይዤው ሄጄ 25,000 ያህል ሰው ቆሞ ሲዘምር አየን። እንግሊዞች ለምን ሁሉንም ያስቀምጣሉ? ቢቆም ብዙ ሰው አይገባም ነበር?» ከኤሰን

ወንድሜ፣ ይገባል። የዶርትሙንድ ስታዲየም ለአገር ውስጥ ጨዋታ 81,365 ተመልካች ይይዛል፤ ሁሉም ቦታ ወንበር ሲገጠምለት ወደ 66,000 ገደማ ይወርዳል። የእንግሊዙ መልስ ግን ከስሌት የመጣ አይደለም። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሸፊልድ ሂልስቦሮ፣ በሊቨርፑልና በኖቲንግሃም ፎረስት ጨዋታ፣ በአጥር በተከለለ መቆሚያ ውስጥ ከልክ በላይ ሰው ገብቶ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨፍልቀው ሞቱ። ጥፋቱ ለዓመታት በደጋፊው ሲላከክ ኖሮ፣ በ2016 የሞት ምርመራ ችሎቱ ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸውና በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉ ፈረዱ። ከአደጋው በኋላ በዳኛ ቴይለር የቀረበው ሪፖርት የከፍተኛ ዲቪዚዮን ሜዳዎች ሁሉ ወንበር እንዲኖራቸው አደረገ።

ከ2022 ጀምሮ እንግሊዝም በየረድፉ የብረት መደገፊያ ያለውን መቆሚያ ፈቅዳለች። በዚያ ግን አንድ የመቆሚያ ቦታ በአንድ ወንበር ልክ ነው የሚቆጠረው፤ ተጨማሪ ሰው አይገባም። እኔም ይህንን እደግፋለሁ። ይቁም፣ ይዘምር፤ ግን ወደ ቤቱ ይመለስ።

«አባቴ የ1954 ዓ.ም.ን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ አይቷል። እኔ ግን ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳው ሲጫወት ለማየት ቴሌቪዥን ላይ ማላዊን ማየት ነበረብኝ። ይህን ያህል ትልልቅ ስታዲየም እየሠራን ለምን?» ከባሕር ዳር

አባትዎ ዕድለኛ ናቸው። ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበት፣ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ጎል ያገባበት ቀን ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2022፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያንኑ ግብፅ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ጨዋታው «በሜዳችን» ተብሎ የተካሄደው በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነው። ከዚያ በፊትም ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነበር።

ምክንያቱ የወንበር ማነስ አልነበረም። የእናንተው የባሕር ዳር ስታዲየም ከሃምሳ ሺህ በላይ ይይዛል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳን ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ሲያጸድቅ የሚመረምረው የሳሩን ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የመብራቱን ኃይል፣ የሕክምና ክፍሉን፣ የጋዜጠኞቹን ስፍራ፣ የተመልካቹን ወንበርና መውጫውን ነው። እኛ ደግሞ ግንቡን አስቀድመን እነዚህን ለኋላ እናቆያለን። በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ 62,000 ሰው እንዲይዝ የታቀደው አደይ አበባ ስታዲየምም የሚመዘነው በእነዚሁ ነው።

ከብሔራዊ ቡድኑ ይልቅ ግን የሚያንገበግበኝ የክለቦቻችን ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲካሄዱ ደጋፊው ክለቡን በገዛ ከተማው የሚያይበት ዕድል ጠቧል። በአዲስ አበባ ስታዲየም የደጋፊ መቀመጫዎች፣ በካታንጋና በሚስማር ተራ፣ ያደግን ሰዎች ትልቁ ትምህርት ቤታችን እዚያ ነበር፤ ዝማሬውን፣ ትዕግሥቱን፣ ሽንፈትን ተቀብሎ በእግር ወደ ሰፈር መመለሱን የተማርነው እዚያ ነው። አንድ የክልል ከተማ ክለብ 12,000 ሰው የሚይዝ፣ መም የሌለው፣ ሳሩና መብራቱ የተሟላ ሜዳ ቢኖረው ከስድሳ ሺህ ወንበር ባዶ ግንብ እመርጥለታለሁ። ልጅዎን በእጅዎ ይዘው፣ ከሰፈርዎ በእግርዎ ሄደው፣ ከጎሉ ጀርባ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው የሚያዩበት።