«ታትሟል» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኝ የኮምፒውተርና ኅትመት ቤት እሠራለሁ። ማሽናችን ሊኑክስ ስለሆነ ወረቀት ሲዘገይ «ኤልፒስታት» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈን እናጣራለን። ለአዳዲስ ሠራተኞች የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ሥራው የሚያልፍባቸውን ሁኔታዎች፣ «ፔንዲንግ»፣ «ፕሮሰሲንግ»፣ «ሄልድ» እና «ኮምፕሊትድ»ን፣ ምን ልበላቸው? ባልደረባዬ የመጨረሻውን «ታትሟል» ብሎታል።

መልስ፦ ሦስቱ ቀላል ናቸው። ተራው ያልደረሰው «ወረፋ ላይ ነው»፣ የተጀመረው «እየታተመ ነው»፣ ሰው ሆነ ብሎ ያቆየው «ተይዟል» ይባል። «በሂደት ላይ ነው» ብለው ግን አይጻፉ፤ ይህን ሐረግ ከየቢሮው ስንሰማ የኖርነው ገና ላልተጀመረ ጉዳይ ጭምር ነው።

«ታትሟል» ይቅር። ግሱ «ታትሞ» ላይ «አለ» የተጣበቀበት ነው፤ ሲነገር ውጤቱ አሁን አለ ማለት ነው፤ ደንበኛው ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ይዘረጋል። ማሽኑ ግን ይህን ያህል አያውቅም። «ኮምፕሊትድ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ዳታውን ለፕሪንተሩ አስተላልፎ እንደጨረሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ቢነክስ ወይም ቢያልቅ ቃሉ አይለወጥም። ስለዚህ «ተልኳል» ይጻፉ። ወረቀቱን በዓይኑ ያየ ሠራተኛ «ወጥቷል» ይበል፤ ደንበኛም የሚጠይቀው «ወጣ?» ብሎ ነው። የተላኩትን ለመዘርዘር ከ«ኤልፒስታት» ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁ ደብሊው፣ «ኮምፕሊትድ»፣ በመጨረሻ ሰረዝና ትንሹ ኦ ይጻፋል። ደብሊው የግድ ከኦ ይቀድማል፤ መመሪያው ላይ ይህን ያስምሩበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ያልጠየቁኝ ቃል ነው። «ኤልፒስታት» ከሰረዝና ከትንሹ ፒ ጋር ሲጻፍ ስለ ፕሪንተሩ ራሱ ይናገራል፤ አንዳንዴም «ዲሴብልድ» ይላል። ይህን «ተበላሽቷል» ያለ ሠራተኛ ቴክኒሻን ይጠራል፤ «ቆሟል» ያለ ግን ምክንያቱን ይፈልጋል። ገመድ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሲስተሙ ራሱ ሊያቆመው ይችላል። የቆመ ፕሪንተር ማተም ይተዋል እንጂ እንዳይቀበል ካልተደረገ በቀር ሥራ መቀበሉን አይተውም። «አልወጣም» ብሎ አንዱን ፋይል ሦስት ጊዜ የላከ ሰው የቆመው ፕሪንተር «ካፕስኢኔብል» በሚባለው ትእዛዝ እንደገና ሲለቀቅ ሦስቱም ይወጡበታል። ስለዚህ መመሪያዎ «ቆሟል፤ ሥራ ግን ይቀበላል» ይበል። ከመልቀቅ በፊት «ኤልፒስታት» ከሰረዝና ከትንሹ ኦ ጋር ተጽፎ ወረፋው ይታይ፤ የተደገመው «ካንስል» ተብሎ በመለያው ይሰረዝ። መለያው የፕሪንተሩ ስም፣ ሰረዝና ቁጥር ነው።

«ትእዛዝ» የሚለውንም ለሁለት ነገር አይጠቀሙበት። ደንበኛ ያመጣው «ሥራ»፣ በኪቦርድ የሚጻፈው «ትእዛዝ» ከተባለ፣ «ሥራውን ሰርዝ» የተባለ ሠራተኛ ምን እንደሚሰርዝ አይጠራጠርም።