ሦስተኛ ሰርተፍኬት ከመውሰድሽ በፊት አንድ የግዢ ወረቀት ተከተዪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በማኔጅመንት ተመርቀሽ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ግዢ ክፍል ትሠሪያለሽ። ስለ ሊን አሠራር፣ ማለትም ብክነትን እየቀነሱ ሥራን ስለ ማቀላጠፍ፣ በኦንላይን ተምረሽ ሁለት ሰርተፍኬት ይዘሻል። ሌላ ቦታ ስታመለክቺ ግን «በተግባር ምን ሠርተሻል?» ይሉሻል። ያለሽበት ቢሮ ደግሞ አንድ የፕሪንተር ቶነር ለመግዛት ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ሐሳብ ብታቀርቢም ሰሚ አጣሽ። «ሦስተኛ ሰርተፍኬት ልጨምር ወይስ ሥራውን ልልቀቅ?» ብለሽኛል።

ሦስተኛው ይቅርብሽ። የሚጠይቁሽ ልምድ እዚያው ሁለት ሳምንት የሚፈጀው ቶነር ላይ አለልሽ።

የሊን አሠራር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶዮታ ውስጥ ሲያድግ፣ የድርጅቱ መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ብክነትን በ7 ዓይነት ከፍለውት ነበር። ከሰባቱ አንዱ መጠበቅ ነው። ለእኔ የቢሮ ሥራን በጣም የሚበላው እሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ሲቆም ዕቃው መሬት ላይ ተከምሮ ይታያል። ቢሮ ውስጥ የቆመው ሥራ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ስለዚህ ሰኞ የሚመጣውን የመጀመሪያ የግዢ መጠየቂያ ምረጪ። ትንሽ ግዢ ይሁን። ደብተር ያዢና ወረቀቱን በእግርሽ ተከተዪው። ማን ጋ በስንት ሰዓት ገባ? መቼ ተሠራበት? መቼ ወጣ? «ሰኞ 4 ሰዓት ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባ። ረቡዕ 9 ሰዓት ተፈረመ» ብለሽ ጻፊ። ፊርማው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ወረቀቱ ግን ሁለት ቀን ተኝቷል። የተሠራበትንና የተኛበትን ጊዜ ለየብቻ ደምሪ። ልዩነቱ ያስደነግጥሻል።

ከዚያ ወረቀቱ ረጅም ጊዜ የተኛበትን አንድ ቦታ ብቻ ያዢና «ለምን?» እያልሽ ውረጂ። እንበልና ፋይናንስ መልሶታል። ለምን? የነጋዴው የታደሰ ንግድ ፈቃድ ኮፒ አልተያያዘም። ለምን? ፕሮፎርማ ሊሰበስብ የሄደው ልጅ አልጠየቀም። ለምን? ፋይናንስ የሚፈልገው ነገር የትም አልተጻፈም፤ የሚያውቁት ሒሳብ ሹሟ ብቻ ናቸው። እዚህ ስትደርሺ መፍትሔው ግማሽ ገጽ ወረቀት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ቁጥር፣ የቫት ምዝገባ፣ ማህተም፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና። ልጁ ለፕሮፎርማ ሲወጣ ይዞት ይውጣ። በጀት አያስፈልገውም፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

አንድ ነገር አደራ። ያገኘሽውን ይዘሽ «ፋይናንስ ነው የሚያዘገየው» ብለሽ ስብሰባ ላይ እንዳትነሺ። እውነት ቢሆን እንኳን በሩ ይዘጋብሻል፤ ደግሞም እውነት አይደለም። ችግሩ ያለው በአሠራሩ እንጂ በሒሳብ ሹሟ አይደለም። እሳቸው ጋ ሂጂና «ከእኛ የሚመጣው ወረቀት ምን ሲጎድለው ነው የሚያስቸግርዎት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ያን ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ዝርዝሩን ራሳቸው ያጽፉሻል፣ ከዚያም የእሳቸውም ሥራ ይሆናል። ሰሚ ያጣሽው ሐሳብሽ መጥፎ ሆኖ አይመስለኝም። ቀላጥፈን እንሥራ ሲባል ሠራተኛው «ልንቀነስ ነው» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱን አትናቂው። ዓላማሽ የእነሱን ምልልስ መቀነስ እንደሆነ መጀመሪያ በሥራ አሳዪ።

የቼክ ፊርማ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን፣ ለትንሽ ግዢም ሥራ አስኪያጁ መፈረማቸውን ለጊዜው አትንኪ። ያ የሥልጣን ጉዳይ ነው። በደብተርሽ ማስረጃ ሲጠራቀም ታነሺዋለሽ።

ወደ ሲቪሽ እንምጣ። እኛ አገር ይሄ አሠራር የሚታወቀው ይበልጥ በካይዘን ስም ነው፤ በጃፓንኛ ሥራን በየጊዜው ማሻሻል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ፋብሪካም ሆነ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስታመለክቺ ጠያቂዎችሽ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚባሉትን አምስቱን የሥራ ቦታ አያያዝ «ማ»ዎች ያነሱብሻል። ተዘጋጂ። በብዙ ቦታ ሥራው ሦስተኛው ላይ ይቆማል፤ መደርደሪያ ይጸዳል፣ ግድግዳ ላይ ፖስተር ይለጠፋል፣ ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። አንቺ ያስጀመርሽው ዝርዝር ከወራት በኋላም በሥራ ላይ ካለ፣ ማዝለቅን የምታሳዪበት ማስረጃ አለሽ ማለት ነው። ይህን የሚያሳይ አመልካች ጥቂት ነው።

ሲቪው ላይ «የሊን ዕውቀት አለኝ» የሚለውን አውጪና ይህን ተኪበት፦ «የአነስተኛ ዕቃ ግዢ ከጥያቄ እስከ ርክክብ ይወስድ የነበረውን ጊዜ ከ… ቀን ወደ … ቀን አሳጥሬያለሁ፤ ከፋይናንስ ተመላሽ የሚሆኑ ወረቀቶችን ቀንሻለሁ።» ባዶውን ከደብተርሽ ሙዪው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛው ይሁን፤ ጠያቂው «እንዴት ለካሽው?» ሲልሽ ቀንና ሰዓቱን ትነግሪዋለሽ። የድርጅቱን ዋጋና የነጋዴዎቹን ስም ግን ከቢሮ አታውጪ።

ስለ መልቀቁ፦ ማመልከቻ ማስገባቱን አሁኑኑ ቀጥዪ፣ የሚከለክልሽ የለም። መልቀቂያ ግን የ«በፊት»ም የ«በኋላ»ም ቁጥር እጅሽ ሳይገባ አትጻፊ። «በፊት»ን ለመያዝ ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አምስት ግዢ መዝግቢ፤ ከአንድ ወረቀት ብቻ ምንም ማለት አይቻልም።