ለዉድብሪጅ ቤትዎ የትኛው የውጭ አንቴና ይሻላል?

ሰላም ለእርስዎ። ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ ታውንሃውስ ገዝተው እንደገቡ፣ የኬብሉ ክፍያ ስለከበደዎት አቋርጠው የአካባቢውን ቻናሎች በአንቴና ለማየት እንዳሰቡ ጽፈዋል። «200 ማይል» ከሚለው ጠፍጣፋ አንቴናና እንደ ዓሣ አጥንት ዘንጎቹን ከዘረጋው ትልቅ አንቴና የትኛው እንደሚሻል፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበርም ሊከለክልዎት ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ስልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ከ2016 ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ኬብል የለም። በእነዚህ ዓመታት ሦስት አንቴና ገዝቼ ሁለቱን ስለጣልሁ፣ ገንዘቤ የት እንደባከነ ጭምር ልንገርዎት።

ከጥያቄዎ ሥር አንዳንዶች ስለ ዲሽ ስለጻፉ በቅድሚያ ይህ ይለይ። ዲሽ ከሳተላይት የሚቀበል ሳህን ነው፤ እርስዎ የጠየቁት ግን በከተማው ከቆሙት የማሰራጫ ማማዎች በአየር የሚለቀቀውን ነጻ ስርጭት የሚቀበለውን አንቴና ነው። በእርሱ የአሜሪካ የአካባቢ ጣቢያዎችን እንጂ የአገር ቤት ቻናሎችን አያገኙም። እኛ ቤት የአገር ቤቱን የምናየው በኢንተርኔት ነው፤ ስለዚህ ኬብሉን ሲያቋርጡ ኢንተርኔቱን አብረው እንዳያቋርጡ።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማይል ይርሱት። ምን ያህል ጣቢያ እንደሚይዙ የሚወስኑት የማማው ቁመት፣ የጣቢያው ኃይል፣ በመካከል ያለው ኮረብታና ዛፍ፣ እንዲሁም አንቴናው የተሰቀለበት ከፍታ ናቸው። ርቀቱ ከ60 ወይም ከ70 ማይል ሲያልፍ ደግሞ የመሬት ክብነት ራሱ ማማውን ስለሚጋርደው፣ የትኛውም የቤት አንቴና ከዚያ ማዶ በየቀኑ የሚታመን ምስል አያመጣም። «200 ማይል» ብሎ የጻፈው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው አድራሻዎ ነው። የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤፍሲሲ የምንለው፣ በድረ ገጹ ላይ የቴሌቪዥን መቀበያ ካርታ አለው። አድራሻዎን ሲያስገቡ የትኞቹ ጣቢያዎች ጠንካራ፣ የትኞቹ ደካማ እንደሆኑ በቀለም ለይቶ ያሳይዎታል፤ የጣቢያውን ስም ሲነኩት ደግሞ የሚሰራጭበትን ትክክለኛ ቻናልና አቅጣጫውን ይነግርዎታል። የዋሽንግተን ዋና ዋና ማማዎች የሚገኙት በከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ቴንሊታውን አካባቢ ነው። ከዉድብሪጅ ከ20 ማይል ትንሽ ያልፋል፤ አቅጣጫውም ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። የባልቲሞር ማማዎች ከ55 ማይል በላይ ይርቃሉ፤ ለእርስዎ ግን በዚያው አቅጣጫ፣ ከዋሽንግተን ጀርባ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ዕድል ነው፤ እኔ ጋ ዋሽንግተን በደቡብ ምዕራብ፣ ባልቲሞር በሰሜን ምሥራቅ ስለሆኑ አንዱን ሳዞር ሌላው ይጠፋል። የባልቲሞሩ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሬቨንስ ጨዋታ አያምልጠኝ ብዬ ብዙ ከታገልሁ በኋላ ባልቲሞርን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ የመጀመሪያውን አንቴናዬን ያስጣለኝም ይህ ነው። ቴሌቪዥንዎ ላይ የሚያዩት የቻናል ቁጥርና ጣቢያው በእውነት የሚሰራጭበት ሞገድ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ጁን 12 ቀን 2009 ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ብዙዎቹ ዩኤችኤፍ ወደሚባለው፣ ሞገዱ አጭር ወደሆነው ክልል (ከቻናል 14 ጀምሮ) ተዛውረዋል፤ ተመልካቹ እንዳይደናገር ግን የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ቀሩ። በኋላም የላይኞቹ ቻናሎች ለስልክ ኩባንያዎች ተሸጠው፣ እስከ 2020 ድረስ ጣቢያዎቹ ወደ 36 እና ከዚያ በታች ወዳሉት ቻናሎች እንደገና ተሸጋሸጉ። በዚህ ምክንያት ዋሽንግተን ውስጥ 4 ተብሎ የሚታየው ኤንቢሲ በእውነት የሚሰራጨው በ34 ነው፤ 5 የሚባለው ፎክስም በ36። ኤቢሲ 7 እና ሲቢኤስ 9 ግን ዛሬም በዚያው በ7 እና በ9፣ ማለትም ቪኤችኤፍ በሚባለው፣ ሞገዱ ረዘም ባለው ክልል (ከ2 እስከ 13 ባሉት ቻናሎች) ናቸው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል ቢሉ፣ የአንቴናው ዘንግ የሚሠራው ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲመጣጠን ስለሆነ ነው። ከ7 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች ከ174 እስከ 216 ሜጋኸርዝ ስለሚይዙ፣ የሞገዳቸው ግማሽ ከ70 እስከ 86 ሴንቲሜትር ይደርሳል። በዩኤችኤፍ ግን ግማሹ ከ25 እስከ 32 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሲሄዱ ሜትር በኪስዎ ይያዙና የአንቴናውን ረጅሙን ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩት። ሰማንያ ሴንቲሜትር አካባቢ የሚደርስ ዘንግ ከሌለው፣ ሻጩ ምንም ቢልዎት 7 እና 9 ላይ አይተማመኑበት።

የመጀመሪያው አንቴናዬ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ 150 ማይል ይላል። እኔ ከማማዎቹ አራት ማይል ያህል ብቻ ርቄ እያለሁ፣ 4፣ 5፣ 20 እና 26 እንደ መስታወት ጥርት ብለው ሲመጡ 9 ግን በተለይ ማታ ማታ ምስሉ በጥቃቅን አራት ማዕዘን እየተሰባበረ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። አንድ ምሽት ባለቤቴ ዜና እያየች እኔ መኪና ለማቆም ጋራዡን ስከፍት «አሁን ጠፋ!» ብላ ጮኸች፤ መብራቱን አጥፍቼ ስገባ «መጣ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግመን ሞከርነው። ጥፋተኛው ጋራዡ ውስጥ የሰቀልሁት ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ነበር። እንዲህ ያለ አምፖል የሚለቀው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ቪኤችኤፍን ከዩኤችኤፍ ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ዘንጉ አጭር የሆነ አንቴና ደግሞ ሲግናሉን ቀድሞውኑ አሳንሶ ስለሚይዘው ይሸነፋል። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ምሰሶ ሳዞር ከታች «መጣ? ገና ነው! እዚያው ተወው!» የምንባባለው ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ የያኔው ምስል እየደበዘዘም ቢሆን ይታይ ነበር፣ የዲጂታሉ ግን ከመስመሩ በታች ከወረደ ጭራሽ የለም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ማጉያ ነው። ሲግናል ካነሰኝ ላጉላው ብዬ፣ ከውስጡ አምፕሊፋየር የተገጠመለት አንቴና ገዛሁ። እንደገና ቻናል ሳስፈልግ ቀድሞ ከ50 በላይ የነበሩት ወደ 17 ወረዱ። ለካስ ማማ አጠገብ ላለ ሰው ማጉያ ማለት ጆሮው ሥር ለሚጮህ ሰው ድምፅ ማጉያ እንደ ማቀበል ነው፤ መቀበያው ይደነቁራል። እርስዎ ከ20 ማይል በላይ ስለሚርቁ እንደኔ ላይብስብዎት ይችላል፤ ሆኖም መጀመሪያ ያለ ማጉያ ይሞክሩ። ማጉያ የሚጠቅመው በረጅም ገመድና በማከፋፈያ የሚጠፋውን ለመተካት እንጂ፣ አንቴናው ያልያዘውን ለመፍጠር አይደለም። አርጂ6 የሚባለው ገመድ በ100 ጫማ ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል ይበላል፤ ለሁለት የሚያካፍል ስፕሊተር 3.5፣ ለአራት የሚያካፍለው 7 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። ሦስት ዴሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ሲግናል ጠፋ ማለት ነውና፣ ከሁለት በላይ ቴሌቪዥን ካለዎት ብቻ ማጉያውን ያስቡበት። ቤቱ ውስጥ የቀረው የኬብል ኩባንያው ገመድ አርጂ6 ከሆነ በእርሱ መጠቀም ይችላሉ፤ የድሮ ስፕሊተሮችን ግን ከየግድግዳው ፈልገው ያውልቁ።

ማኅበሩን በተመለከተ አይሥጉ። ኤፍሲሲ ከ1996 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ የአካባቢ ቴሌቪዥን መቀበያ አንቴና መጠኑ ምንም ይሁን ምን፣ የእርስዎ በሆነ ወይም ለእርስዎ ብቻ በተለየ ቦታ ላይ እንዲሰቀል ይፈቅዳል። ማኅበሩ ያለ አግባብ ማዘግየት፣ ወጪ ማብዛት ወይም ጥሩ ምስል እንዳያገኙ ማድረግ አይችልም፤ የደኅንነት ደንብ ማውጣት ግን ይችላል፣ ምሰሶው ከጣሪያው ከ12 ጫማ በላይ ከወጣም ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ልብ ሊሉት የሚገባው የጣሪያውን ባለቤትነት ነው። አንዳንድ ታውንሃውስ ላይ ጣሪያው የጋራ ንብረት ስለሆነ በዚህ ደንብ አይሸፈንም፤ የገዙበትን ሰነድ ይመልከቱ። ጣሪያው የጋራ ከሆነ የግል በረንዳዎ ይቀርዎታል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ዘንጎቹ ለቪኤችኤፍም ለዩኤችኤፍም የተሠሩ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ መካከለኛ የዓሣ አጥንት አንቴና እገዛ ነበር። ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። መጀመሪያ አቲክ በሚሉት የጣሪያ ሥር ክፍል ውስጥ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ አዙረው ይሞክሩት፤ ጣሪያው ሲግናሉን መቀነሱ ባይቀርም ከዝናብ፣ ከመብረቅና ከማኅበሩ ደብዳቤ ያርፋሉ። በጣሪያው ሽፋን ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል ካለ ግን አቲኩ አይሆንም፤ ውጭ ይስቀሉት። ውጭ ከሰቀሉት ምሰሶውንና ገመዱን በቁጥር 10 የመዳብ ሽቦ ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር ማገናኘት ግዴታ ነው፤ እኔ ይህን ያሠራሁት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ደግሞ ብረት መሰላል ይዘው እንዳይጠጉ።

ደረሰኙን አይጣሉ፤ ሙከራውንም ዛፎቹ ቅጠል ባበቀሉበት ወቅት ያድርጉት፣ ቅጠሉ በረገፈበት በብርዱ ወራት የተሠራ ሙከራ በሜይ ሊያሳፍር ይችላል። ኤቲኤስሲ 3.0 ስለሚባለው አዲሱ የቴሌቪዥን ስርጭት ዘዴ የጠየቁት አንቴናውን አይመለከትም፤ በዚያው ሞገድ ስለሚመጣ አንቴናው ያው ነው፣ የሚለየው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መቀበያ ነው።

አንቴናውን ባዞሩ ቁጥር ቻናል ፍለጋውን ከመድገም ይልቅ፣ አንድ ጊዜ ፍለጋውን ካካሄዱ በኋላ 7ን ከፍተው የሲግናል መለኪያውን እያዩ ጥቂት ጥቂት ያዙሩት፤ 7 እና 9 ከተስተካከሉ ሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይከተላሉ። የኋላ በረንዳዎ ወደ የት እንደሚያይና ከካርታው ያገኙትን ውጤት እዚሁ ቢጽፉልኝ፣ አቲኩ ይበቃ እንደሆነ ሐሳቤን እሰጣለሁ።