መልስ፦ ወሎ ውስጥ በሚገኘው ሎጎ ሐይቅ የውኃ ላይ ስኪ (በጀልባ እየተጎተቱ በውኃ ላይ መንሸራተት) ለመጀመር፣ ለውድድር የተሠራውን ነጠላ ስኪ ልግዛ ወይስ ጥንዱን? የጀልባዬ ሞተር 15 የፈረስ ጉልበት ነው።
ለውድድር የተሠራውን ነጠላ የስላሎም ስኪ፣ ማለትም ሁለቱም እግሮች በአንዱ ላይ የሚቆሙበትን፣ አሁን አይግዙ። ከጠቀሷቸው ሁለት አማራጮች የሚሻልዎት ጥንዱ ነው፤ ነገር ግን ከጥንዱ አንዱ ከፊተኛው መጫሚያ ኋላ ሁለተኛ እግር የሚገባበት ማሰሪያ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። በሁለቱ ተነሥተው ሚዛንዎን ሲያገኙ አንዱን ጥለው በነጠላው መቀጠል ስለሚችሉ፣ በአንድ ዋጋ ሁለቱንም ይማሩበታል። ርዝመቱን በቁመትዎ ሳይሆን በክብደትዎና በሚጎተቱበት ፍጥነት ይምረጡ።

ዋናው ወጪ ግን ጀልባውና ቤንዚኑ ነው። ባለዎት 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ዐዋቂን ሰው በአንድ ስኪ ከውኃ ማንሣት አይቻልም። በዚያ ላይ ሎጎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ሞተሩ በሳሳው አየር ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ከስኪው የሚተርፈውን ገንዘብ ለበለጠ ሞተር ያስቀምጡት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አንድ ማለዳ እዚያው ሐይቅ ላይ የቆሮሶ ዓሣ መረብ በፕሮፔለራችን ላይ ተጠምጥሞ የአንድ ዓሣ አስጋሪን ንብረት ቆራርጠንበታል፤ ካሳውን ብንከፍለውም እስካሁን ያሳዝነኛል። የመረቡ ምልክት የሆነው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ከጀልባ ላይ አይታይም። መረብ የት እንደ ተጣለ አስጋሪዎቹን ሳይጠይቁ የመጎተቻውን ገመድ አይዘርጉ።