ለጅማ ኳስ ተጫዋቾች፦ ስለ ሜዳችሁ ሳር

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ሳር ማብቀል ጥበብ አይጠይቅም። ከመጋቢት እስከ መስከረም ሰማዩ ብዙም አይነጥፍም፤ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ነው። አጥር ጥግ የተረሳ መሬት እንኳ በአንድ ክረምት አረንጓዴ ይለብሳል። ታዲያ የየሰፈሩ ኳስ ሜዳ ግንቦት ላይ ጭቃ፣ ጥር ላይ አቧራ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዕድሜዬን በአፈርና በሳር ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሁሉም የገንዘብ እጦትን ያነሳል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የማነሳው እርጥብ መሬት ላይ የሚሮጥ እግርን ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለምትጫወቱት ለእናንተ ነው።

ጤናማ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃና አየር ይመላለሳሉ። የሳር ሥር ያለ አየር አይኖርም። አፈሩ ደረቅ ሲሆን የታኬታን ጫና ይቋቋማል። ሲርስ ግን ቅንጣቶቹ እየተንሸራተቱ ይጠጋጋሉ፣ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ግጥሚያ የተደፈነውን ለመክፈት ወራት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ወደ ታች መስረግ ያቅተውና ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሜዳው የባሰ ይጨቀያል፣ የባሰም ይደፈናል። በአዌቱ ወንዝ ዳርና በቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ያሉት ረባዳ ቦታዎች ውሃ ቶሎ ስለማይለቁ በዚህ በኩል ጉዳታቸው ይከፋል። ወደ ጅሬን ከፍ ሲባል የሚገኘው ቀይ አፈር ውሃ የማሳለፍ ፀጋ አለው፤ ሲረገጥ ሲረገጥ ግን እሱም ይደፈናል።

መቼ መጫወት እንደሌለባችሁ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጎሉ ፊት እፍኝ አፈር አንሱና በመዳፋችሁ መሃል አሹት። ሳይበጣጠስ እንደ ቀጭን ገመድ ከተጠቀለለ አፈሩ ለጨዋታ ገና ነው። ተረከዛችሁን ስትጫኑ ዙሪያውን ውሃ ከወጣ ደግሞ መፈተንም አያስፈልግም፤ ያን ቀን ሌላ ቦታ ሩጡ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ባደገበት ዓመት ሲያነሳ የየሰፈሩ ልጅ ዝናብ ሳይል ሜዳ ይወጣ ነበር፤ ያን ፍቅር ማንም እንዲቀንስባችሁ አልፈልግም። የምጠይቃችሁ አንድ ቀን እንድትታገሡ ነው።

ከሌላ ስፖርት አንድ ልማድ ብትወስዱ ደስ ይለኛል። የጎልፍ ተጫዋች ኪሱ ውስጥ ትንሽ ሹካ መሰል መሣሪያ ይይዛል። ኳሱ ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ ሳር ላይ ሲያርፍ የሚሰረጉደውን ቦታ ተጫዋቹ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያስተካክላል፤ ዳር ዳሩን ወደ መሃል ይገፋል እንጂ ከሥር ወደ ላይ አይፈነቅልም፣ መፈንቀል ሥር ይበጥሳልና። አሸዋ ውስጥ ከገባም ሲወጣ ዱካውን በሬክ ያስተካክላል። እንዲያውም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፖርቱ ሕግ ተጫዋቹ በዚያ ለስላሳ ሳር ላይ የጫማ ጭረትን ጨምሮ አብዛኛውን ጉዳት እንዲጠግን ፈቅዶለታል። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሳር ጠባቂዎች ያሉበት ሜዳ ላይ እንኳ ተጫዋቹ ይህን ያደርጋል። እኛ ጠባቂ የሌለን ደግሞ የበለጠ ልናደርገው ይገባል።

በእኛ ሜዳ ላይ ለዚህ የሚመቸው ሰርዶ ነው። በኦሮምኛ ጮቆርሳ የምትሉት፣ ሽማግሌዎች በእጃቸው ይዘው የሚመርቁበት ሳር ማለት ነው። መሬት ለመሬት ይሳባል፣ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፣ ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ ሥር ግን ይመነምናል። ጨዋታው ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ሜዳውን ዙሩ። አፈሩን እንደያዘ የተነሳ ቁራጭ ካገኛችሁ ወደ ቦታው መልሱና በእግራችሁ ጫን አድርጉት። ተበጣጥሶ ከሆነ ጉድጓዱን በደቃቅ አሸዋና አፈር ሙሉት፤ ሰርዶው ከዳር መጥቶ ይሸፍነዋል።

የጎሉ አፍ ብቻውን ምዕራፍ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሚረገጠው እሱ ነው፤ በአብዛኛው የሚያጠፋው ግን ግጥሚያው ሳይሆን ልምምዱ ነው። በረኛው ልምምዱን ከጎሉ ውጭ፣ በዳር ሜዳ ላይ ያድርግ። ጎሉ ተንቀሳቃሽ ከሆነ በየሳምንቱ ቦታ ቀይሩለት። ማሟሟቂያውም ሁልጊዜ በአንድ መስመር አይሁን። አንዴ የተራቆተው ክፍል ክረምት ሲወጣ በብረት ሹካ ቀዳዳ ቀዳዳ ተደርጎ፣ አሸዋ ተነስንሶበት፣ ከሌላ ቦታ የተነቀለ ሰርዶ ይተከልበት፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንት እግር አይንካው።

መስመር ለማስመር ኖራ አትበትኑ፤ ሳሩን ያቃጥላል፣ ዓይንና ቆዳም ይጎዳል። ውሃ የሚያቀጥነው ነጭ ቀለም ይሻላል። ለማዳበሪያ የጅማ ልጅ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የቡና ገለባ በየመፈልፈያው ተከምሯል። ግን ትኩሱን አታልብሱት፤ በደንብ በስብሶ አፈር ሲመስል ነው የሚጠቅመው።

ከብት ይዞ ከሚመጣው ሰው ጋር ደግሞ አትጣሉ። ረግረግ ላይ የላም ኮቴ ከታኬታም ይብሳል፣ እውነት ነው፤ ሰውየው ግን መኖ ነው የሚፈልገው። ሳሩን እሱ በማጭድ አጭዶ ይውሰድ፣ ከብቱ ግን አይግባ። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ እንዲያጭድ ንገሩት፤ ከዚያ በላይ ከወረደ ሳሩ ጉልበት ያጣል። የሳር ማጨጃ ማሽን ለሌለው ሰፈር ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም።

አሁን የቀረው የእናንተ ውሳኔ ነው። ሰኔ ሳይገባ ሜዳውን የምትጋሩ ቡድኖች አምበሎቻችሁን አሰባስቡና «ዛሬ ሜዳው ዝግ ነው» የማለት ሥልጣን የማን እንደሚሆን ወስኑ። ለአሰልጣኞች አትተዉት፤ ግጥሚያ የደረሰበት አሰልጣኝ ይጓጓል። የእኔ ሐሳብ በረኞቹ ይሁኑ ነው፤ የጎሉን አፍ ጭቃ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።