ከዜሮ ልጀምር ወይ?

ጥያቄ፦ እንዴት ከረማችሁ? 34 ዓመቴ ነው። መድን ድርጅት ውስጥ የካሳ ጥያቄ ስመረምር አሥር ዓመት ሞላኝ። ዲግሪዬ ሒሳብ አያያዝ ነው። በአንዲት ፊርማ ጉድለት ሰው የሚገባውን ገንዘብ ሲያጣ እያየሁ፣ የማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ተመራማሪ መሆን አማረኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ረፍዶብኛል?

መልስ፦ ይሳቁ። አንተ ግን የሪቻርድ ቲትመስን ነገር ስማ። እንግሊዛዊ የማኅበራዊ ፖሊሲ ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የተወለደ። በ18 ዓመቱ የእሳት መድን ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረና እዚያው 16 ዓመት ቆየ። ቀን ቀን ፋይል ያገላብጣል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የድሃና የሀብታም ልጆች የሞት አኃዝ ላይ ይቀመጣል። በ1950 ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ያለ ምንም ዲግሪ!

ዛሬ እንደዚያ አይሆንም፣ አልዋሽህም። ማስተርስ፣ ከዚያ ፒኤችዲ ያስፈልግሃል። ፒኤችዲው ብቻ ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ይበላል፣ ከዚያም በኋላ ብዙዎች ቋሚ ቦታ እስኪያገኙ በአጭር ጊዜ ኮንትራት ነው የሚንከራተቱት። ደመወዝህም መጀመሪያ ላይ መቀነሱ አይቀርም። ቤተሰብ ካለህ ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

«ከዜሮ» የሚሉህን ግን አትስማቸው። ቲትመስ በ1955 ባቀረበው ንግግር ምን አለ መሰለህ፦ ማኅበራዊ ደኅንነት ማለት መንግሥት ለድሃ የሚሰጠው ድጎማ ብቻ አይደለም፣ ለደመወዝተኛው የሚደረገው የግብር ቅናሽም፣ አሠሪው የሚከፍለው ጡረታም ደኅንነት ነው። ልዩነቱ አንዱ በአደባባይ ይሰጣል፣ ሌላው የሒሳብ ሰነድ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። ታዲያ ያንን ሰነድ ማን ያነባል? አንተ ነሃ! ብዙ ጎበዝ ተማሪ ሕጉን ያውቃል፣ ቅጹ ላይ ግን ሰው የት ጋ እንደሚሰናከል አይቶ አያውቅም።

ሥራህን ሳትለቅ በማታ ወይም በትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ማስተርስ ፈልግ። ስታቲስቲክስ ካስጠላህ ከአሁኑ ታረቀው፣ አታመልጠውም። ማመልከቻህን «ማኅበረሰቤን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብለህ አትጀምር፣ ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። የፊርማዋን ታሪክ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስገባት። የደንበኛውን ስም ብቻ እንዳታወጣ።